ቤኒሳኔል በቀይ

ቤኒሳኔል፣ ኤፕሪል 21 ቀን 2023

ለወንድሜ ልጅ ለረመይ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ መውጣቷን ግን አልተወችም። የብርቱካኑ ለቀማ እያለቀ ነው። ወንድምሽ ብላይ በየቀኑ ከኳስ ሜዳችን፣ ከትሪንኬቱ አይወጣም፤ ኳሷን በእጁ ከግድግዳው ጋር ሲያላትማት እስከ ቤቴ ይሰማል።

ለምን እንደማልደውል ጠይቀሻል። በስልክ አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ እሰማለሁ። በደብዳቤ ግን ተራ አለ። ይህን ጥያቄ ዳግመኛ አታንሺብኝ።

ባለፈው «ጉዳይ አለ» ብዬ በላክሁልሽ መልእክት ላይ፣ በገና ብቻ የሚጽፍ ሰው ዛሬ ምን አስጻፈው ብለሻል። ጉዳዩ ይህ ነው። ጨዋታዎቻችንን በቀጥታ የማስተላልፍበት ድረ ገጽ፣ ከጁን አንድ ጀምሮ ከአሮጌው የስርጭት ፕሮግራም የሚመጣ ምስል አልቀበልም ብሏል። መዝገበ ቃላት ይዤ ደጋግሜ አነበብሁት፤ ያለው ይህንኑ ነው። እኔ ዘንድ ያለው ዩኒቨርሲቲ በጨረስሽበት በጋ ራስሽ የጫንሽልኝ አሮጌው ነው። ይሠራል። የሚሠራ ነገር አይነካም። የመስኖውን ጉድጓድ ሞተር ዕድሜ ልኬን ያቆየሁት በዚህ ሕግ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ሞተሩ ራሱ አስተማረኝ።

ነገር ግን የሸለቆዎቹ ሊግ ፍጻሜ በዚህ ዓመት ተራው የእኛ ትሪንኬት ነው፤ ጁን 18። ግማሽ ፍጻሜውን ካለፍን ቤኒሳኔል በገዛ ሜዳዋ ትጫወታለች፤ ይህ ከዚህ በፊት ሆኖ አያውቅም። የሊጉ ሰዎች ደግሞ «በአዲሱ ፕሮግራም ማስተላለፍ ካልቻላችሁ ካሜራችንንም የነጥብ ሰሌዳችንንም ይዘን እንመጣለን» ብለዋል። ሰሌዳቸውን አይቼዋለሁ። ለቴኒስ የተሠራ ነው። አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ ይላል። አርባ! በእኛ የግድግዳ ኳስ፣ በፒሎታ፣ አርባ የሚባል ነገር የት አለ? አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ ቫል፣ ከዚያ ጌሙ ይዘጋል። አንዱ ጌም አምስት ነጥብ ነው፤ ስድሳ ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ። ይህን የዶሎረታ መጠጥ ቤት ድመት እንኳ ታውቃለች። ከዚህ ሸለቆ ወጥቶ የቀረ ሁሉ እኛን የሚያየው በእኔ ካሜራ ነው። በገዛ ሜዳችን፣ በገዛ ፍጻሜያችን ላይ አርባ የሚል ሰሌዳ አላሰቅልም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ የሠራሽው ሰሌዳ፣ ያ በፕሮግራሙ ላይ የሚሰካው ፕለጊን፣ በአዲሱ ላይ ይሠራል? አዎ ወይም አይ በይ። ሐተታ አልፈልግም።

እናትሽ፣ ለፍጻሜው ትመጪ እንደሆነ ጠይቅልኝ ብላለች። ጠይቄያለሁ።

አጎትሽ ኦኖፍሬ


ታሊን፣ ኤፕሪል 24

ይድረስ ለአጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቁጣዎስ? እዚህ በረዶው ገና መቅለጡ ነው፤ የሥራ ጓደኞቼ ፀሐይ ባዩ ቁጥር እንደ እንሽላሊት ግድግዳ ይደገፋሉ።

አይሠራም። አዎ ወይም አይ ስላሉ ነው። አሁን ሐተታውን እጽፋለሁ፤ እርስዎም ያነቡታል።

አዲሱ ፕሮግራም የተሠራው አሮጌው ቤት ፈርሶ ነው። የግድግዳው ሶኬቶች ቅርጻቸው ተለውጧል፤ የድሮው መሰኪያ አይገባባቸውም። እርስዎ ጋ ሦስት ፕለጊኖች አሉ፤ የዳኛውን ድምፅ የሚያጠራው፣ ያለፈውን ምት ደግሞ የሚያሳየው፣ እና ሰሌዳችን። የሁለቱ ባለቤቶች ለአዲሱ የሚስማማ ሠርተዋል፤ ከገጻቸው ያወርዱታል። የሰሌዳው ባለቤት ግን እኔ ነኝ፤ እኔ ካልሠራሁት ማንም አይሠራውም። እሠራዋለሁ።

እስከዚያው አሮጌውን እንዳያጠፉት። አዲሱን ለብቻው በሌላ ፎልደር ይጫኑት፤ ሁለቱ እንደ ጥሩ ጎረቤት ጎን ለጎን ይኑሩ፣ አይነካኩ። ከዚያ ፕለጊኖቹን አንድ በአንድ። አዲሱን አንዱን ያስገባሉ፣ ፕሮግራሙን ይከፍታሉ፣ መሥራቱን ያያሉ፣ ይዘጋሉ። ከዚያ ሌላውን። አንድ በአንድ፣ አጎቴ! እንደጮኽኩ አድርገው ያንብቡት።

ኮዱን ከከፈትኩ አይቀር ልጠይቅዎት፣ ቀለም መቀየሪያ ቁልፍ ላስገባለት? አሁን እንግዳው ሁልጊዜ ቀይ፣ እኛ ሁልጊዜ ሰማያዊ ሆነን ተቸንክረናል። አንድ ቀን ያስፈልግ ይሆናል።

ብላይ ፎቶ ልኮልኝ ነበር፤ ግራ እጁን ኪሱ ከቷል። ምን ሆኗል? ለእናቴ ደግሞ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃለች ይበሉልኝ።

ረመይ


ቤኒሳኔል፣ ሜይ 8

ለረመይ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ቁጣዬ ደህና ነው።

አዲሱ ፕሮግራም አይከፈትም። ነጭ ፊት ያሳያል፣ ከዚያ ይሞታል። በአጭር መልእክትሽ ምን እንዳደረግሁ ጠይቀሻል። የጻፍሽውን አደረግሁ። ለብቻው ጫንሁት፣ ፕለጊኖቹን አስገባሁ።

«አንድ በአንድ ነው ያስገቧቸው?» ብለሽ ደግመሽ ደጋግመሽ ጽፈሻል። የአሮጌውን የፕለጊን ፎልደር እንዳለ ገልብጬ ነው ያስገባሁት። ለእኔ ስድስት ዓመት ሙሉ የሠሩ ናቸው፤ ቤት ተቀየረ ብዬ በር ላይ ላስቆማቸው አልፈለግሁም። አንድ በአንድ ያልሽውም እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው መስሎኝ ነበር። አሮጌው ፕሮግራም አልተነካም፤ እሱ ይሠራል።

ወሬው እዚህ እንደ እሳት ነው የሚሄደው። ዶሎረታ በሰው ፊት፣ «ኦኖፍሬ፣ ኮምፒውተርህ ተኛች አሉ?» አለችኝ።

«እያረፈች ነው» አልኋት።

«የእኔም ባል እንዲሁ ትንሽ ልረፍ ብሎ ነው የቀረው!»

መጠጥ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋስፓር ሳይቀር ሳቀ፤ ከወንድምሽ ጋር ተጣምሮ የሚጫወተው ስለሆነ ዝም አልሁት።

«ቆይ፣ የሊጉ ሰሌዳ ቢመጣ ምን አለበት? ቁጥር እንደሆነ ቁጥር ነው» አለች ደግሞ።

«ለዚህ ነዋ ስትቀጂ፣ እርጥብ እንደሆነ እርጥብ ነው እያልሽ በወይኑ ላይ ውሃ የምትጨምሪው።»

«ኧረ ይቺ ምላስ! አፈር አይበላትም!» አለች። ብርጭቆዬን ግን ሞላችው፤ ውሃ አልነበረበትም።

ስለ ቀለሙ መልሴ አይሆንም ነው። ቀይ የሚለብሰው ዳኞች ብርቱ ነው ያሉት ነው፤ ሰማያዊ የሚለብሰው እሱን ሊጥል የመጣው ነው። አባቴ ሰማያዊ ነበር። እኔና ነፍሱን ይማረውና አባትሽ ሰማያዊ ነበርን። ቤኒሳኔል ሰማያዊ ናት። ብርቱ ከመባል ብርቱውን ሊጥል መምጣት ይበልጣል። ደግሞም ቁልፍ ካለ የሚነካው ጅል አይጠፋም። ሰሌዳውን መጀመሪያ ስትሠሪም ነግሬሻለሁ፤ አሁንም ያው ነኝ።

ስለ ብላይ እጅ ጠይቀሻል። ብላይ ሁለት እጅ አለው። ሁለቱም ከክንዱ ጋር ናቸው።

ፈቃድሽ ምን ደረሰ?

ኦኖፍሬ


ታሊን፣ ሜይ 12

ይድረስ ለአጎቴ፣

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ቢሮ ውስጥ ነው፤ «በር ላይ ላስቆማቸው አልፈለግሁም» የሚለው ላይ ስደርስ አለቃዬ መጥቶ ምን ነካሽ እስኪለኝ ሳቅኩ። በእርስዎ አይደለም የሳቅኩት። እሺ፣ በእርስዎ ነው።

የገለበጡትን ሁሉ ከአዲሱ ፎልደር ያውጡት። ባዶውን ይክፈቱት፤ ይከፈታል። ከዚያ የድምፁን አዲስ ፕለጊን ያስገቡ። ከዚያ የምቱን። የገደለው የድሮው የምት ፕለጊን ይመስለኛል፤ እሱን እንኳን ሊያስገቡት ወደ አዲሱ ፎልደር እንዳያስጠጉት።

ሰሌዳውን ጨርሻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ከሦስቱ መጨረሻ ይግባ። እንዳሉት አድርጌዋለሁ፤ በመስኮቱ ላይ የቀለም ቁልፍ የለም።

ስለ ብላይ ሁለት እጆች ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። አሁን ልቤ በጣም አረፈ። ስለ ፈቃዴ ግን ገና ነው።

ረመይ


ቤኒሳኔል፣ ሜይ 29

ለረመይ፣

ሠራ። ሦስቱም ሠሩ። አንድ በአንድ።

የትናንቱን ግማሽ ፍጻሜ፣ ማለፋችንንም፣ ከዚያ ሆነሽ አይተሻል፣ ስለዚህ ጨዋታውን አልተርክልሽም። ምስሉ ጥርት ያለው ካሜራው ተለውጦ ነው ወይ ላልሽኝ፣ ካሜራው ያው ነው፤ አዲሱ ፕሮግራም ነው። አሮጌውን አጥፍቼው እንደሆነም ጠይቀሻል። አላጠፋሁትም። ዛሬ ከፍቼ አየሁት፤ ሰላም ብዬው ዘጋሁት።

የፍጻሜውን ስርጭት ሰጡዎት ወይ ብለሻል። የሊጉ ሰው ፌራንዲስ ራሱ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጥቶ ነበር። ጨዋታው ሲካሄድ ከኋላዬ ቆሞ በትከሻዬ ላይ ያይ ነበር።

«ይሄ ‹ቫል› የሚለው ከየት መጣ?» አለኝ።

«ከአያትህ» አልሁት።

ትንሽ ቆይቶ፣ «አዲሱን ፕሮግራም ማን ጫነልህ?» አለ።

«እኔ።»

«ፕለጊኖቹ ግን አልተበላሹብህም? እኛን ሁለት ሳምንት ነው ያሠቃዩን።»

«አንድ በአንድ ነው እንጂ!» አልሁት። «እንዳለ ገልብጣችሁ አስገብታችሁ ይሆናል።»

ቦርሳውን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ። እንዳለ ገልብጠው ነው ያስገቡት። ሲወጣ እጄን ጨብጦ፣ «ጁን 18 ያንተ ነው» ብሎኝ ሄደ።

ይህን ለዶሎረታ አልነገርኋትም። ሌላ ሰው ነገራት። እኔ የነገርሁት ለዚያ ሌላ ሰው ብቻ ነው።

ኦኖፍሬ


ቤኒሳኔል፣ ጁን 14

ለረመይ፣

እንደምን አለሽ? ዛሬ ሰላምታ አላበዛም።

ጠዋት ፌራንዲስ ደወለ። ዳኞቹ ለፍጻሜው ቀለም ወስነዋል። ቤኒሳኔል ቀይ። ድገመው አልሁት፤ ደገመው። ሦስተኛ እንዲደግመው ስልኩን ለእናትሽ ሰጠኋት። ሰምታ ስታበቃ ወንበር ፈለገች። ከዚያ ተነሥታ የብላይን ቀይ ሸሚዝ ልትገዛ ወጣች፤ በቤታችን ቀይ ሸሚዝ ኖሮ አያውቅማ።

በመንደሩ ውስጥ የሚሆነውን አልጽፍልሽም፤ ጽፌ አልጨርሰውም። ስሜን የማይጠሩ ሰዎች ሳይቀሩ በራፌ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አነሡልኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ምንም። ግን አልተከላከልሁም።

አሁን ችግሩን ስሚ። ሰሌዳችን ቤኒሳኔልን በሰማያዊ ቸንክሯታል። ፌራንዲስም ይህን አይቷል። «የእኛ ሰሌዳ በአንድ ጠቅታ ቀለም ይቀይራል፤ እሑድ ላምጣው?» አለኝ። ዓርብ እነግርሃለሁ አልሁት። ዶሎረታ ደግሞ፣ «ሰማያዊውን እንዳለ ተወው እንጂ ሰውዬ! ሰው የልጆቹን ልብስ ያያል እኮ» ትላለች።

«ሰሌዳው እየዋሸ ልጆቹ እውነቱን ቢለብሱት ምን ይረባል?» አልኋት። ቤኒሳኔል በቀይ የምትጫወትበትን የመጀመሪያ ቀን በሰማያዊ አላሳይም። አርባ በሚል ሰሌዳም አላሳይም።

ሜይ ላይ አይሆንም ያልሁሽን አላነሣም። ያን ጊዜ ልክ ነበርሁ። አሁን ነገሩ ተለውጧል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እስከ ዓርብ ልትቀይሪው የምትችይ ከሆነ ቀይሪው። የማትችይ ከሆነ ሳታለባብሺ ንገሪኝ። የእነሱን ሰሌዳ አስገባለሁ፤ እኔም ካሜራውን ለእነሱ ትቼ ደረጃው ላይ ከተመልካቹ ጋር እቀመጣለሁ። ከዚያ በኋላ ማስተላለፍ የእኔ ሥራ አይሆንም።

ስለ ብላይ የጠየቅሽኝን አሁን እመልስልሻለሁ። ከፋሲካ ጀምሮ ግራ መዳፉ አብጧል። ሐኪሙ እረፍ ብሎታል። የኳሷን ምት እንዲያበርድለት በፕላስተርና በመጫወቻ ካርታ እየጠቀለለ ይጫወታል። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር። የማልሁት በሰማያዊ ለሚጫወት ሰው እንጂ በቀይ ለሚጫወት አይደለም ብዬ ተርጉሜዋለሁ።

ኦኖፍሬ


ታሊን፣ ጁን 15

አጎቴ፣

ደብዳቤዎን ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ቢሮ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ አቀፍኩ። እዚህ ሰው አይተቃቀፍም፤ የታመምኩ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ።

አሁን ይቀመጡ። በመስኮቱ ላይ የቀለም ቁልፍ የለም ብዬዎታለሁ፤ እውነት ነው፣ የለም። ሰሌዳው ተከፍቶ ሳለ ግን በኮምፒውተርዎ ላይኛው ረድፍ ያለውን የመጨረሻውን ቁልፍ ተጭነው እስከ አምስት ይቁጠሩ። ቀለሞቹ ቦታ ይለዋወጣሉ።

የሠራሁት ዛሬ አይደለም፤ ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ከኋላዬ ቆመው «ቁልፍ የሚባል ነገር እንዳላይ» ይሉኝ ነበር። ደጅ ሰው ጠራዎትና ወጡ። በመስኮቱ በኩል ብላይ ይታየኝ ነበር፤ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ የጎተራውን ግድግዳ በኳስ ሲደበድብ። ይሄ ልጅ አንድ ቀን ቀይ ይለብሳል አልኩና ጻፍኩት። እርስዎ እንዳያዩት አልኩ፤ ይኸው አላዩትም። አዲሱን ስሠራ መጀመሪያ ያሻገርኩት እሱን መስመር ነው።

ከተቆጡ ይገባኛል። እንደ ፕለጊኖቹ አንድ በአንድ ይቆጡኝ።

ብላይ ስለ እጁ እንደማውቅ አይወቅ፤ እኔም መሐላዎን እጠብቅልዎታለሁ።

እኔም የደበቅኩት አለ። ፈቃዱ ከተሰጠኝ ሰንብቷል፤ ትኬትም ይዤ ነበር። መልሼዋለሁ። ሁላችንም ትሪንኬት ውስጥ ከተቀመጥን ሰሌዳው ውጭ ላለው ሰው በትክክል መድረሱን ማን ያያል? በጨዋታው መሐል አንድ ነገር ቢሰበር ኮዱን የሚያውቀው ሰው የራሱ ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ አለበት። ለእናቴ እርስዎ ይንገሩልኝ። እኔ ብነግራት ታለቅሳለች፤ እርስዎ ፊት ግን አታለቅስም።

ረመይ


ቤኒሳኔል፣ ጁን 22

ለረመይ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ስለ መዘግየቴ ጠይቀሻል። ተቆጥቼ ነው። ልጽፍ በተቀመጥሁ ቁጥር ቁጣው ስለሚቀድም ብዕሩን አስቀምጥ ነበር። በቤቴ፣ በጠረጴዛዬ፣ ከጀርባዬ! ነፍሱን ይማረውና አባትሽም እንዲሁ ነበር፤ እሺ እያለ የፈለገውን የሚያደርግ። አሁን ወጥቶልኛል። የቀረም ካለ እዚሁ ይቅር።

ሰሌዳው ከዚያ ሆነሽ እንዳየሽው ነው፤ እዚህስ እንዴት ነበር ብለሻል። ደረጃው ጢም ብሎ ነበር። ቁልፉን ተጭኜ ቆጠርሁ። አራት ስል ምንም የለም። አምስት ስል ቤኒሳኔል ቀይ ሆነች። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ሰቅዬ ነበርና ሽማግሌዎቹ ከሜዳው ይልቅ እሱን ነበር የሚያዩት። ማንም አላጨበጨበም። ቀስ ብለው አንድ በአንድ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዶሎረታ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻት ምን ሆንሽ ብላት፣ «አቧራ ነው፣ አንተን ምን አገባህ?» አለችኝ። ትሪንኬቱ ጠዋት ነው የተጠረገው፤ የቀረችው አቧራ ዓይኗ ውስጥ ገባች እንግዲህ።

ውጤቱን አይተሻል፤ አልደግመውም። ስድሳ ለሃምሳ አምስት። የመጨረሻዋ ኳስ ለምን እንዳመለጠችው ብላይን ጠይቄው እንደሆነ ብለሻል። አልጠየቅሁትም። በግራ የምትመለስ ኳስ ነበረች፤ በቀኙ ሊመልሳት ዞረ፣ አልደረሰባትም። ስለ እጁ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሸሚዙን አውልቆ አጥፎ ለእናትሽ ሰጣት፤ «እጠቢው፣ ሌላ ጊዜ ያስፈልጋል» አላት።

አዝነው ነበር ወይ ብለሻል። ስሚኝ። ሰማያዊ ለብሰን ስንሸነፍ ሰው ልማዳቸው ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። እሑድ ዕለት ያሸነፉን ሰዎች እስከ ሽማግሌዎቻቸው ድረስ ወደ ደረጃው ወጥተው እያንዳንዳችንን ጨበጡን። እንደ ትልቅ ነገር ነበር የሚያዩን። ሊጥሉን መጡ፣ ለፍተው ጣሉን። ሊጥሉት የሚለፉበት ሰው መሆን ምን እንደሚመስል በዚህ ዕድሜዬ አየሁ። አላዘንሁም።

ፌራንዲስ ሰሌዳውን ለሊጉ ትሪንኬቶች ሁሉ ፈልጎታል። ባለቤቷ ረመይ ናት፣ እሷን ጠይቅ ብዬዋለሁ። ሲጽፍልሽ የፈለግሽውን መልሺለት። እሺ ካልሽው ግን የሚጭኑት እኔ ባለሁበት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት በአውቶቡስ ወደ አሸናፊዎቻችን መንደር እሄዳለሁ፤ የእነሱን ካሜራ የሚይዘው ሰው አስተምረኝ ብሎኛል። ማስተማር አልችልም፣ አጠገቤ ተቀምጠህ እይ አልሁት።

ለእናትሽ አለመምጣትሽን ስነግራት አላለቀሰችም። ወጥ ቤት ገብታ ብዙ ሰዓት ምጣድ አጠበች።

ደግሞ አንድ ነገር። የፕሮግራሙ ባለቤቶች ለሴፕቴምበር ሌላ አዲስ እትም እንደሚያወጡ ዛሬ አነበብሁ። ለብቻው የሚሆን ፎልደር አዘጋጅቼለታለሁ። እንዴት እንደሚደረግ እንዳትጽፊልኝ፤ አውቀዋለሁ።

ሌላውን ሁሉ ጻፊልኝ። በረዶውን፣ እንደ እንሽላሊት ግድግዳ የሚደገፉትን ሰዎች፣ አለቃሽ ምን እንዳለሽ። ገናን አትጠብቂ።

አጎትሽ ኦኖፍሬ